የግቢ ዓሣ ኩሬ ውሃ ሲበላሽ፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሄው

በአዲስ አበባም ሆነ በቢሾፍቱ በግቢያቸው አነስተኛ ኩሬ ሠርተው ጎልድፊሽ፣ ኮይ ወይም ቆሮሶ የሚያረቡ ሰዎች የሚገጥማቸው ችግር በአብዛኛው ማጣሪያውን እንደ ወንፊት ብቻ ከመቁጠር የሚመነጭ ነው። ማጣሪያ ቆሻሻን ከመያዙም በላይ በስፖንጁና በጠጠሩ ላይ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ማደሪያ ነው፤ እነዚህም ከዓሣው መተንፈሻ ስንጥብና ከተረፈ ምግብ የሚወጣውን መርዛማ አሞኒያ መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎም ጉዳቱ እጅግ አነስተኛ ወደሆነው ናይትሬት ይለውጡታል። አሞኒያም ሆነ ናይትራይት በዓይን ስለማይታይ፣ ጥርት ያለ ውሃ ዓሣ ሊገድል ይችላል። በጠብታ የሚሠራ የውሃ መመርመሪያ ከማንኛውም ጌጥ አስቀድሞ ሊገዛ የሚገባውም ለዚህ ነው።

የኩሬውን መጠን ሳያውቁ መፍትሄ መሞከር አይቻልም። ርዝመቱ፣ ወርዱና አማካይ ጥልቀቱ በሜትር ተለክተው ከተባዙ በኋላ ውጤቱ በ1000 ሲባዛ ሊትሩ ይገኛል። 3 ሜትር በ2 ሜትር ሆኖ 1 ሜትር የሚጠልቅ ኩሬ 6000 ሊትር ይይዛል፤ ፓምፑም ይህን ውሃ በ2 ሰዓት አንድ ጊዜ፣ ማለትም በሰዓት 3000 ሊትር፣ በማጣሪያው ውስጥ ቢያሳልፍ ጥሩ ነው።

ዓሦች ወደ ውሃው ገጽ ወጥተው አፋቸውን ሲከፍቱ

በቅድሚያ ሰዓቱን ማስተዋል ይገባል። ችግሩ ንጋት ላይ ታይቶ ረፋድ ላይ የሚጠፋ ከሆነ መንስኤው የኦክስጅን እጥረት ነው፤ ቀን ኦክስጅን የሚሰጡት ተክሎችና ዋቅላሚ (አልጌ) ሌሊት ራሳቸው ይጠቀሙበታልና። በባሕር ጠለል ላይ 20 ዲግሪ ሴልሺየስ የሆነ ውሃ በሊትር 9 ሚሊ ግራም ያህል ኦክስጅን መያዝ ሲችል፣ ከ2300 ሜትር በላይ በምትገኘው አዲስ አበባ ግን የአየሩ ግፊት ዝቅተኛ በመሆኑ 7 ሚሊ ግራም ገደማ ብቻ ይይዛል። በቆላ አገር ተጽፎ «በዚህን ያህል ሊትር ይህን ያህል ዓሣ» የሚል ምክር እዚህ እንዳለ የማይሠራው በዚህ ምክንያት ነው። መፍትሄው የአየር ፓምፕ መጨመር ወይም ከማጣሪያው የሚመለሰው ውሃ ከከፍታ እንዲወድቅ ማድረግ፣ የዓሣውንም ብዛት መቀነስ ነው።

ችግሩ ቀኑን ሙሉ የማይለቅ ከሆነ ግን አሞኒያና ናይትራይት ይመርመሩ፤ ሁለቱም ዜሮ መሆን አለባቸው። የስንጥቡ ቀለም ከቀይ ወደ ቡናማ ከተለወጠ ናይትራይት ወደ ደም ገብቷል ማለት ነው። በዚህ ጊዜ ምግብ ማቆም፣ የውሃውን ሩብ ያህል ክሎሪን በሌለው ውሃ መቀየር፣ ለ1000 ሊትርም 1 ኪሎ ግራም ጨው አሟሙቶ ቀስ በቀስ መጨመር ያስፈልጋል፤ ጨው ናይትራይት በስንጥብ በኩል እንዳይገባ ይከላከላል። አሞኒያ ደግሞ ፒኤቹ (የውሃው አሲዳማነት ወይም አልካላይነት መለኪያ) ከ8 ሲያልፍና ውሃው ሲሞቅ መርዛማነቱ ስለሚጨምር፣ በማለዳ ደኅና የመሰለ ውሃ ከሰዓት በኋላ አደገኛ ሊሆን ይችላል።

ማጣሪያው በታጠበ ሳምንት ዓሦች ሲታመሙ

መንስኤው ንጽህናው ራሱ ነው። ስፖንጁን በቧንቧ ውሃ አጥቦ ማስነጣት ክሎሪኑ ባክቴሪያዎቹን እንዲገድል ከማድረጉም ሌላ፣ ማጣሪያው እንደ አዲስ እስኪበስል፣ ማለትም ባክቴሪያዎቹ ተመልሰው እስኪበዙ፣ ከ4 እስከ 8 ሳምንት ሊወስድ ይችላል። ትክክለኛው አሠራር ከኩሬው በባልዲ ውሃ ቀድቶ፣ ስፖንጁን በዚያ ውስጥ ወፍራሙ ጭቃ እስኪለቅ ድረስ ብቻ መጭመቅና ቡናማውን ልባስ መተው ነው። ስፖንጆቹ ሁሉ በአንድ ቀን አይታጠቡም፤ ዛሬ ግማሹ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ቀሪው ይታጠባል። ግንበኞች ሬድ አሽ የሚሉት ቀይ የእሳተ ገሞራ ጠጠር ባለ ብዙ ቀዳዳ በመሆኑ ለባክቴሪያ ጥሩ ማደሪያ ነው፤ ከስፖንጁ በኋላ ከተቀመጠ ጭቃ ስለማይደርሰው አልፎ አልፎ መለቅለቁ ይበቃዋል። የባልዲው እጣቢ ለጎመንና ለአበባ የሚስማማ ማዳበሪያ ስለሆነ አይደፋም።

ለኩሬው የሚጨመር የቧንቧ ውሃ በክፍት በርሜል አንድ ወይም ሁለት ቀን ቢያድር፣ በተለይም አየር እየተነፋበት ከሆነ፣ ክሎሪኑ ይለቀዋል። ክዳኑ በተዘጋ ሮቶ ውስጥ የቆየ ውሃ ግን ክሎሪኑ በቶሎ አይወጣለትም።

መብራት ጠፍቶ ከመጣ በኋላ ውሃው ሲሸት

ፍሰት ሲቆም በማጣሪያው ውስጥ ያለው ኦክስጅን ያልቃል፤ ባክቴሪያዎቹ መሞት ይጀምራሉ፣ የተጠራቀመውም ቆሻሻ ይበሰብሳል። ጉዳቱ የሚደርሰው መብራት ሲመጣ ነው፤ ፓምፑ ያንን የተበላሸ ውሃ በአንድ ጊዜ ወደ ኩሬው ይገፋዋልና። ስለዚህ መብራቱ ለበርካታ ሰዓታት ጠፍቶ ከቆየ ፓምፑን ከሶኬት ነቅሎ መጠበቅ፣ በማጣሪያው ውስጥ የቀረውን ውሃ ወደ ውጭ ማፍሰስ፣ ከዚያም ማስነሳት ይገባል። ለረጅም ጊዜ እንደሚጠፋ ከታወቀ ጠጠሩን በመረብ ከረጢት አድርጎ ኩሬው ውስጥ መንከር ባክቴሪያዎቹን ለማትረፍ ይረዳል፤ ዓሦቹም ምግብ አይሰጣቸውም። በባትሪ የሚሠራ አነስተኛ የአየር ፓምፕ ለዚህ ጉዳይ ከጄኔሬተር ይልቅ የሚመረጥ ይመስለኛል፤ ወጪው ዝቅተኛ ነው፣ ሌሊትም ጎረቤት አይረብሽም።

ውሃው አረንጓዴ ሲሆን

ይህን ቀለም የሚያመጣው ደቃቅ ዋቅላሚ ስፖንጁን አልፎ ስለሚሄድ ማጣሪያውን ደጋግሞ ማጠብ ፋይዳ የለውም። መንስኤው ፀሐይና የተረፈ ምግብ ነው። ዓሦቹ በ5 ደቂቃ ከሚጨርሱት በላይ አለመስጠት፣ የኩሬውንም ግማሽ ያህል በተንሳፋፊ ቅጠል ወይም በዳስ ማጥላት ይረዳል። እምቦጭ ናይትሬት የሚመጥ ቢሆንም በጣና ሐይቅ ላይ ያደረሰው የታወቀ ስለሆነ ወደ ግቢ ሊገባ አይገባም። የአልትራቫዮሌት መብራት በጥቂት ሳምንታት ያጠራዋል፤ ሆኖም አምፖሉ እያበራ እንኳ ኃይሉ ስለሚደክም በየዓመቱ ይቀየራል።

የፓምፑ ፍሰት ሲቀንስ

በአብዛኛው የፓምፑ መሳቢያ ወንፊት በቅጠል ተደፍኖ ነው፤ በየሳምንቱ ይጽዳ። ካልተስተካከለ በፓምፑ ውስጥ የሚሽከረከረው ክፍልና ቧንቧው ይታዩ።

በአዲስ የሲሚንቶ ኩሬ ዓሦች ሲሞቱ

ከሲሚንቶው የሚለቀው ኖራ ፒኤቹን ከ9 በላይ ያወጣዋል። ኩሬውን ሞልቶ ለአንድ ሳምንት ያህል ማቆየት፣ መድፋትና ይህንኑ ሦስት ወይም አራት ጊዜ መደጋገም ያስፈልጋል። ፒኤቹ ለተከታታይ ቀናት ከ8.5 በታች ሲረጋ በመጀመሪያ ሁለት ሦስት ዓሦች ብቻ ይገባሉ፤ ቀሪዎቹ የሚጨመሩት አሞኒያና ናይትራይት ከፍ ብለው ተመልሰው ዜሮ ሲሆኑ ነው።