ቀስ ሲል ብቻ ሙቀት የሚሰራ መኪና፦ ከምልክቱ እስከ መፍትሄው

አስፋልት ላይ በ80 ስትነዱ የሙቀት መለኪያዋ መርፌ ንቅንቅ አትልም። ድንጋያማ ዳገት ወይም አሸዋ ውስጥ ገብታችሁ በ10 መጎተት ስትጀምሩ ግን ሽቅብ ትወጣለች። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ቴርሞስታት (በሙቀት ተከፍቶ ውሃውን ወደ ራዲያተሩ የሚያሳልፈውን ቫልቭ) ለመቀየር ይሮጣል። እኔም ሮጫለሁ። ቀይሬው ለውጥ ሳጣ ነው ራዲያተሩ ላይ የተጋገረውን ጭቃ ያየሁት።

መፍቻ ከማንሳታችሁ በፊት አንድ ነገር ለዩ። ሙቀት የሚሰራው መቼ ነው? በፍጥነት ስትነዱ ከሆነ ውሃው እንደሚገባው አይዘዋወርም ማለት ነው። ራዲያተሩ ከውስጥ ተደፍኗል፣ ቴርሞስታቱ ሙሉ በሙሉ አይከፍትም፣ ወይም የውሃ ፓምፑ ደክሟል። ቀስ ስትሉ ብቻ ከሆነ ግን መጀመሪያ አየሩን ጠርጥሩ። በፍጥነት ስትሄዱ ነፋሱ ራሱ ራዲያተሩን ያበርደዋል። በ10 ዳገት ስትቧጥጡ ነፋስ የለም፤ ሞተሩ ደግሞ ጉልበቱን ሁሉ አውጥቶ እየለፋ ነው። ሸክሙ በሙሉ የሚወድቀው ቬንትሌተሩ፣ ማለትም በራዲያተሩ በኩል አየር የሚስበው ማራገቢያ ላይ ነው።

ቀስ ሲል ይግላል፣ ፍጥነት ሲጨምር ይበርዳል

ቬንትሌተሩ በቺንጋ የሚዞር ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ መሃሉ ላይ የሲሊኮን ፈሳሽ የያዘ ክላች አለው። ከራዲያተሩ የሚመጣው አየር ሲሞቅ ክላቹ ይይዝና ቬንትሌተሩ በኃይል ይዞራል። ሲሊኮኑ ሲፈስ ወይም ሲያረጅ ግን መዞሩን ይዞራል እንጂ ጉልበት የለውም። ከላይ ለሚያየው ሰው ደህና ይመስላል። ሰው የሚሸወደውም በዚህ ነው።

ለመፈተሽ ሞተሩ በደንብ ሲሞቅ አጥፉት። ቁልፉን አውጡና ምላጩን በእጃችሁ ገፋ አድርጉት። ሊታገላችሁ ይገባል። አንዴ ነክታችሁት ብዙ ጊዜ በራሱ ከዞረ ክላቹ አልቆለታል፣ ይቀየር። ከክላቹ መሃል ወደ ዳር የተረጨ ቅባት የያዘው አቧራ ካያችሁም ሲሊኮኑ እየወጣ ነው። ጆሮም ያግዛል። ጤነኛ ክላች ሞተሩ ሲግል እንደ ጭነት መኪና ያጓራል። መርፌዋ እየወጣች ያ ድምፅ ካልመጣ ጥፋተኛውን አገኛችሁት።

በኤሌክትሪክ ለሚዞረው ሞተሩን አስነሱና ኤሲውን ክፈቱ። በብዙ መኪኖች ላይ ቬንትሌተሩ ወዲያው ወይም ጥቂት ቆይቶ መነሳት አለበት። በኤሲ ተነስቶ በሙቀት ካልተነሳ የሙቀት ሴንሰሩን ወይም ሽቦውን እዩ። በጭራሽ ካልተነሳ ፊውዙን፣ ሪሌውን፣ ሶኬቱን በየተራ ተመልከቱ። ከዚያ ለቬንትሌተሩ ሞተር ከባትሪ በቀጥታ መብራት ስጡት። ከዞረ እሱ ደህና ነው፣ ችግሩ ከሱ በፊት ነው። እጃችሁን ግን ጠብቁ፤ አንዳንዱ መኪና ጠፍቶም ቬንትሌተሩ በድንገት ይነሳል።

በቬንትሌተሩ ዙሪያ ያለውን ፕላስቲክ ከለላ አትናቁት። አንድ ጊዜ ለጥገና የፈታው ሰው "ትርፍ ነው" ብሎ ይጥለዋል። እሱ ከሌለ ቬንትሌተሩ በራዲያተሩ በኩል አየር መሳብ ትቶ እዚያው የሞቀውን አየር ያንቦራጭቃል።

ከጭቃ፣ ከረጅም ሳር ወይም ከወንዝ በኋላ የጀመረ

ከፊት ስታዩት ንጹህ ነው። የምታዩት ግን የኤሲውን ኮንደንሰር ነው። ራዲያተሩ ከኋላው ነው፣ ጭቃውና የሳሩ ፍሬ ደግሞ በሁለቱ መሃል ይሸጎጣል። የእጅ ባትሪ ይዛችሁ ከጎን በኩል በክፍተቱ አብሩ። ለማጠብ ጭቃውን በውሃ አርሱትና ጊዜ ስጡት። ከዚያ ከሞተሩ በኩል ወደ ፊት፣ በተራ የውሃ ጎማ እጠቡት። በከፍተኛ ግፊት የሚረጭ ማጠቢያ ስስ ክንፎቹን ያጥፋቸዋል፤ ያን ጊዜ ራሳችሁ ደፈናችሁት ማለት ነው። ከፊት የተደረደሩ ተጨማሪ መብራቶችና ዊንችም አየር ይከለክላሉ።

ጥልቅ ውሃ ካቋረጣችሁ በኋላ የራዲያተሩን ጀርባ እዩ። ምላጩ ውሃውን ሲመታ ወደ ፊት ይታጠፍና ራዲያተሩን ሊቧጭር ይችላል።

ውሃ ያጎድላል፣ ቶሎ ይፈላል

የራዲያተሩ ክዳን ተራ ክዳን አይደለም። ውስጡን በግፊት ይይዛል፤ በብዛት 0.9 ወይም 1.1 ባር ተጽፎበት ታገኙታላችሁ። ግፊቱ ሲጨምር ውሃው የሚፈላበት ሙቀት አብሮ ይጨምራል። ከባህር ወለል 3000 ሜትር ከፍታ ላይ ባዶ ውሃ ያለ ግፊት በ90 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ብዙ ቴርሞስታት መከፈት የሚጀምረው ደግሞ ከ82 እስከ 88 ዲግሪ ባለው መሃል ነው። ልዩነቱ ምን ያህል ጠባብ እንደሆነ ተመልከቱ። ጤነኛ ክዳን ያን መፍያ ከ110 በላይ ያደርሰዋል። ላስቲኩ የተሰነጠቀ ወይም ስፕሪንጉ የላላ ክዳን ግን ምንም አይዝም። ርካሽ ዕቃ ስለሆነ እኔ አልከራከርም፣ እቀይረዋለሁ። ባዶ ውሃ ከመሙላት ኩላንት (የራዲያተር ፈሳሽ) ከውሃ ጋር ግማሽ በግማሽ መቀላቀል ይሻላል፤ መፍያውን ከፍ ያደርጋል፣ ዝገትም ይከላከላል።

ክዳኑም ቱቦዎቹም ደህና ሆነው ውሃው ከጎደለ ጉዳዩ ይከብዳል። ቀዝቃዛ ሞተር በተነሳ በደቂቃ ውስጥ ቱቦው ድንጋይ ከሆነ፣ ራዲያተሩ ውስጥ አረፋ ሳያቋርጥ ከወጣ፣ ወይም ዘይቱ ወተት ከመሰለ የቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ጋስኬት ሄዷል። ወደ መካኒክ።

አውቶማቲክ ካምቢዮ ያለው መኪና

ቀስ ብሎ በከባድ ጭነት ሲጎተት የካምቢዮው ዘይት በጣም ይግላል። በብዙ መኪኖች ያ ዘይት የሚበርደው በዚያው ራዲያተር ውስጥ አልፎ ነው። ራዲያተሩ የካምቢዮውንም ሙቀት ይሸከማል ማለት ነው። ፎር ሎው (በአራቱም ጎማ በዝግታና በጉልበት የሚያስኬደው ማርሽ) ለዚህ ሁነኛ መድኃኒት ነው። አስቸጋሪ መንገድ ከመግባታችሁ በፊት አስገቡት፣ መኪናው ከተያዘ በኋላ አይደለም። ማኑዋልም ቢሆን በከፍተኛ ማርሽ ሞተሩን እያነቃችሁ አትንዱ። ማርሹ ዝቅ ሲል ሞተሩ ፈጠን ብሎ ይዞራል፣ ፓምፑና በቺንጋ የሚዞረው ቬንትሌተርም አብረው ይፈጥናሉ።

መርፌዋ መንገድ ላይ ተነሳች

ኤሲ አጥፉ። የውስጥ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ክፈቱ። በሙቀት ትሰቃያላችሁ፣ ግን ትንሿ የማሞቂያ ራዲያተር ሙቀት ትቀንሳለች። የሚቻል ከሆነ የመኪናውን ፊት ወደ ነፋስ አዙራችሁ ቁሙ። ማርሹን ነፃ አድርጉና ሞተሩን ወደ 1500 ዙር ከፍ አድርጋችሁ ያዙት። ውሃው ካልጎደለ ብዙ ጊዜ በጥቂት ደቂቃ ትወርዳለች።

እንፋሎት ከወጣ፣ ቀይ ውስጥ ከገባች፣ ወይም ውሃ መሬት ላይ ከፈሰሰ ግን ወዲያው አጥፉ። ሌላም አደገኛ ምልክት አለ። ሽቅብ ስትወጣ የነበረች መርፌ ድንገት ብትወድቅ ደስ አይበላችሁ። ውሃው ጎድሎ ሴንሰሩ አየር ላይ ቀርቶ ሊሆን ይችላል፤ ሞተሩ እየተቃጠለ መርፌዋ "ደህና ነው" ትላለች።

የጋለ ሞተር ክዳን በጭራሽ አይከፈትም። ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ጠብቁ፣ የላይኛውን ቱቦ ጨብጡት። ለስለስ ብሎ እጅ ካላቃጠለ በወፍራም ጨርቅ ክዳኑን በትንሹ አላሉና ትንፋሹ እስኪያልቅ ቁሙ። ውሃ ስትጨምሩ ሞተሩ ተነስቶ፣ ማሞቂያው ተከፍቶ፣ ቀስ እያላችሁ ይሁን። አረፋው እስኪያልቅ ክዳኑን አትግጠሙ።