የክብደት ማንሳት አሰልጣኝ የሕይወት ታሪክ አጻጻፍ

ቀብር ላይ የሚነበብ የሕይወት ታሪክ ብዙውን ጊዜ የሚጻፈው በአንድ ሌሊት፣ ለቅሶ ቤት ጥግ ላይ ነው። በጥድፊያ የሚወጣውም «ሰው አክባሪ፣ ለቤተሰባቸው አሳቢ፣ ለሙያቸው ታማኝ» የሚል ነው፤ ስሙን ብትቀይሩት ለጎረቤታቸውም ይሆናል። ብረት ሲያሠለጥኑ ኖረው ማታ ልጆቻቸው ዘንድ ይገቡ የነበሩ አባት ግን የሚቆጠር ነገር ትተዋል፤ ኪሎ፣ ሰዓት፣ ዓመት። እሱን ፈልጉ።

ባለቤታቸውን ወይም ታላቁን ልጅ፣ አንድ ወንድም ወይም እህት፣ እንዲሁም ከሁሉም ቀድሞ የሠለጠነውን ልጅ ለየብቻ አሥር አሥር ደቂቃ አነጋግሩ። አንድ ላይ ከተቀመጡ አንዱ የጀመረውን ሌላው ይደግመዋል። «ምን ዓይነት ሰው ነበሩ?» አትበሉ፤ መልሱ ቅጽል ብቻ ነው። ማታ ስንት ሰዓት ይገቡ ነበር? ውድድርና የልጅ ምርቃት አንድ ቀን ሲውሉ ምን አደረጉ? ባሩ (ክብደቱ የሚጫንበት የብረት ዘንግ) ከሠልጣኙ እጅ ሲያመልጥ ምን ይሉ ነበር? ከአፋቸው የማትጠፋ አንዲት ቃል አምስት ቅጽል ትተካለች። ክፍያ ሳይጠይቁ ያሠለጠኗቸው ካሉ ግን ነገሩን ጻፉ፣ የልጆቹን ስም ተዉት፤ ቀብር ላይ ቆሞ ድህነቱን መስማት የሚፈልግ የለም።

የልጆችን ዝርዝር ለባለቤታቸው ብቻ አንብባችሁ አስጸድቁ። ከትዳር በፊት የተወለደ፣ ያሳደጉት የወንድም ልጅ፣ በሕይወት የሌለ ልጅ አለ ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ከሁሉም ስህተት የማይረሳው ልጅ መዝለል ነው። የሕመሙ ስም ይጠቀስ አይጠቀስ የሚወስነው ቤተሰቡ ነው፤ ካልፈለጉ «ባደረባቸው ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው» የሚለው ይበቃል።

ከባዱ ሥራ የስፖርቱ ክፍል ነው። የውጭ ሥልጠና ሰርተፍኬት በፈረንጆች አቆጣጠር ይጻፋል። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ 7 ዓመት፣ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ 8 ዓመት ይቀነሳል። ማርች 1992 የእኛ 1984 ሲሆን፣ ኦክቶበር 1992 ግን 1985 ነው። ሁሉንም በ8 የሚቀንስ ጸሐፊ ሰውየውን ሳይቀጠሩ ያስተምራቸዋል።

የሥልጠና ደብተር ላይ «100» ተጽፎ ብታገኙ ወዲያው አትገልብጡ። አንዳንዱ አሰልጣኝ የሚጽፈው ፕሌቱን፣ ማለትም ባሩ ጫፍ ላይ የሚገባውን ክብ ክብደት፣ ብቻ ነው፤ የወንዶች የውድድር ባር ብቻውን 20 ኪሎ፣ የሴቶች 15 ኪሎ ይመዝናል። ፕሌቶቹ በፓውንድ የሆኑ እንደሆነም 200 ፓውንድ ማለት 91 ኪሎ ያህል ነው። የውድድር ፎቶ ከተገኘ የፕሌቱ ቀለም ይፈርዳል፦ ቀይ 25፣ ሰማያዊ 20፣ ቢጫ 15፣ አረንጓዴ 10 ኪሎ። በየጎኑ ሁለት ቀይ ካለ 100 ኪሎ፣ የወንዶቹ ባር 20፣ ሁለቱ መቆለፊያዎች 5፣ በድምሩ 125። ይህ ግን ለሰፈር ጂም አይሠራም። እዚያ ጣሳ ውስጥ የተሞላ ሲሚንቶም ክብደት ነው፤ ያንኑ በግልጽ መጻፍ አያሳፍርም፣ እንዲያውም ከሜዳሊያው ይልቅ ሰው የሚያስታውሰው እሱን ነው።

ስናች (ባሩን ከመሬት በአንድ ጊዜ ከራስ በላይ ማንሳት)፣ ክሊን ኤንድ ጀርክ (መጀመሪያ ትከሻ ላይ፣ ከዚያ ከራስ በላይ ማንሳት) እና የሁለቱ ድምር ሦስት የተለያዩ ቁጥሮች ናቸው፤ የትኛው እንደሆነ ሳትለዩ «150 ኪሎ አንስተዋል» አትበሉ። እስከ ሙኒክ ኦሎምፒክ፣ ማለትም እስከ 1964 ዓ.ም. ድረስ፣ ፕሬስ የሚባል፣ ባሩን ከትከሻ በክንድ ጉልበት ወደ ላይ የመግፋት ሦስተኛ አነሳስ ስለነበረ የዚያ ዘመን ድምር ከአሁኑ ጋር አይወዳደርም። ሴቶችን ያሠለጠኑ ከሆነ ዓመቱን አጣሩ። የሴቶች ክብደት ማንሳት ኦሎምፒክ የገባው ሲድኒ ላይ፣ መስከረም 1993 ነው፤ ከዚያ በፊት የጀመሩ ከሆነ አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ይገባቸዋል። ሰውነት ግንባታና ክብደት ማንሳትም አንድ አይደሉም፣ ሠልጣኞቻቸው ቆመው እየሰሙ አታቀላቅሉ።

አጻጻፉ ላይ «ተወለዱ» ብላችሁ ጀምራችሁ «አገባ» ብላችሁ አትቀጥሉ፤ አንቱታው እስከ መጨረሻው ይዝለቅ። ጂም ቤቱንና ቤታቸውን በሁለት አንቀጽ አትለያዩ። «12 ሰዓት ላይ ጂም ከፍተው፣ 1 ሰዓት ከሩብ ላይ ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት አድርሰው ይመለሱ ነበር» የሚለው ሁለቱንም ይዟል፤ ሰዓቱን ግን ከቤተሰቡ አረጋግጡ። ድምፅ አውጥታችሁ በሰዓት ለኩት፤ ከ5 ደቂቃ ካለፈ የሥልጠና ዝርዝሩን ቀንሱ፣ ልጆቹን አትንኩ።

አንባቢው የሟች ልጅ ባይሆን ይሻላል፤ መሐል ላይ ድምፁ ይቆረጣል። ሁለት ቅጂ በትልቅ ፊደል ይታተም፣ አንዱ ሌላ ሰው ኪስ ይግባ። ለባነር የሚሆነውን አሮጌ ፎቶ ከመስታወቱ አውጡና ያለ ፍላሽ በመስኮት ብርሃን አንሱት። በቴሌግራም ስትልኩ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ይሁን፤ አለዚያ ይጨመቅና ሲታተም ፊታቸው ይደበዝዛል።

በአርባው ወይም በሙት ዓመቱ ሠልጣኞች ብረት በማንሳት ሊያስቧቸው ከፈለጉ፣ ማንም አንስቶ ከሚያውቀው ትልቁ ክብደት 70 በመቶ በላይ አይጫን። ሐዘንተኛ እንቅልፍ አጥቷል፣ ጾም ከሆነም ምግብ አልቀመሰም፤ በዚያ ላይ ሰው እያየው ነው። መድረኩ 4 በ4 ሜትር ይሁን፣ ሕፃናት በደንብ ይራቁ። መጀመሪያ ባዶው ባር ይቀመጥ፣ የኅሊና ጸሎቱ ይደረግ፣ ከዚያ ትንሹ ሠልጣኝ ይጀምር። ደብተሮቹን ገጽ በገጽ ፎቶ አንስታችሁ ዋናውን በዚያው ሳምንት ለባለቤታቸው መልሱ።