«መንጋጋዬን ያመኛል» ከማለታችሁ በፊት

ይህን የምጽፈው ቱሉ ዲምቱ፣ እህቴ ኮንዶሚኒየም ሆኜ ነው። ትናንት የጎረቤት ልጅ ቡና ልትጠጣ መጣች። አሜሪካ ከገባች ገና ዓመቷ ነው። መንጋጋዬን ያመኛል ትላለች፤ ለፋሲካ ስትመጣ ጥርስም ልታስነቅል አስባለች፤ እዚያ ውድ ነው ብላ። እዚያው ኤክስሬይ ተነስታ ግን ጥርስሽ ደህና ነው ተብላለች።

አፍሽን ክፈቺ አልኳትና ሁለት ጣቴን ከጆሮዋ ፊት አሳረፍኩ። ስትከፍት ቀጭ አለ፣ ስትዘጋም ቀጭ። ሦስት ጣቷን ደርድራ አፏ ውስጥ ማስገባት አቃታት። የሚያማት ጥርሷ ሳይሆን ጆሮዋ ፊት ያለው የመንጋጋ አጥንት መገጣጠሚያ ይመስለኛል፤ እዚያ TMJ ይሉታል። «መንጋጋዬን ያመኛል፣ ጥርሴን ላስነቅል?» ለሚለው ጥያቄ ስመልስ ስንተኛዬ እንደሆነ እንጃ።

እኔን ያስበላኝ አንድ ቃል ነው። እኛ «መንጋጋ» ስንል የኋላ ጥርሱም ነው፣ አጥንቱም ነው። ሜሪላንድ በገባሁ በመጀመሪያው ክረምት ሌሊት መጋዘን እሠራ ነበር። ቀን ስተኛ ጥርሴን አፋጫለሁ፤ ስነሳ ጆሮዬ ሥር ይወጋኛል። የአገር ልጅ ይዤ ጥርስ ሐኪም ጋ ሄድኩ። «መንጋጋዬን» አልኩ፣ እሱ «የኋላ ጥርሱን» ብሎ ተረጎመ። አሮጌ ሙሌት ያለበት ጥርስ ነበረኝና እሱ ነው ተብሎ ተነቀለ። ሕመሙ አልቀነሰም። ከሁለት ወር በኋላ አጠገቡ ያለውም ተነቀለ። ሕመሙ እዚያው ነው። እስከ ዛሬ በግራ በኩል አላኝክም።

ስለዚህ በጣታችሁ አሳዩ። «ከጆሮዬ ፊት፣ አፌን ስከፍት የሚንቀሳቀሰው ቦታ» በሉ። አሜሪካ ሆስፒታል በነጻ አስተርጓሚ የማግኘት መብት አላችሁ፤ ቀጠሮ ስትይዙ ጠይቁ። ዘመድ አታስተርጉሙ። ደህና የተባለ ጥርስ ይነቀል ካሏችሁ ሌላ ሐኪም ሳታዩ አትፈርሙ። ለወጌሻ መንጋጋ የምትሰጡም አላችሁ፤ ተዉ።

ኢንሹራንሱ ሌላ ጣጣ ነው። የጥርሱ ኢንሹራንስ «የሕክምናው ይክፈል» ይላል፣ የሕክምናው ኢንሹራንስ ደግሞ «የጥርሱ ይክፈል»። እኔን ሦስት ወር አመላልሰውኛል። በስልክ የተባላችሁትን አትመኑ፤ ሕክምናው ሳይጀመር ፈቃዱን በጽሑፍ ተቀበሉ።

አብዛኛው ሰው ያለ ቀዶ ጥገና ይሻለዋል። ለጥቂት ሳምንት ለስላሳ ምግብ፣ በሞቀ ውሃ የተነከረ ፎጣ፣ ሐኪም ከፈቀደ አይቡፕሮፌን፣ መንጋጋ የሚያውቅ ፊዚዮቴራፒስት፣ ማታ ጥርስ ላይ የሚደረግ በልክ የተሠራ ፕላስቲክ። ጥርስ መሞረድንና ንክሻን በብረት ማስተካከልን ለዚህ ሕመም አትቀበሉ፤ ወደ ኋላ አይመለስም። የአሜሪካው ብሔራዊ የጥርስ ምርምር ተቋምም የሚመክረው ይህንኑ ነው። በፈረንጆቹ 1980ዎቹ ቴፍሎን ያለበት ሰው ሠራሽ መገጣጠሚያ የተተከለላቸው ሰዎች ዕቃው እየተሰባበረ አጥንታቸውን በልቶታል። የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ ከገበያ ያስወጣው በ1990ዎቹ መጀመሪያ ነው። ጡንቻ የሚያላላው መርፌ ቦቶክስም ለዚህ ሕመም የኤፍዲኤ ፈቃድ የለውም። እኔ ብሆን ገንዘቤን አላወጣበትም።

አፋችሁ ተቆልፎ አልከፈት ወይም አልዘጋ ካለ፣ ፊታችሁ አብጦ ካተኮሳችሁ፣ በዚያው ቀን ታዩ። የመንጋጋ ሕመም ከደረት መጨነቅ ወይም ከትንፋሽ ማጠር ጋር ከመጣ ልብ ሊሆን ይችላል፤ 911 ደውሉ።

ልጅቷ ሐሙስ ትበራለች። ማታ ቤቷ ሄጄ ሻንጣዋን ከእናቷ ጋር ፈታን። ሦስት ኪሎ ቆሎ፣ አንድ ላስቲክ ዳቦ ቆሎ፣ ቋንጣም አለበት። እናቷ ቅር እያላቸው አወጡት። በምትኩ ሽሮና የገንፎ ዱቄት ገባ።