አር ኤን ኤ ፖሊመሬዝን በክራዮ ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ማየት፦ ዋናው ጣጣ ማቀዝቀዙ ነው

ሪፋምፒሲን የተባለው የቲቢ መድኃኒት ባክቴሪያውን የሚያሸንፈው አር ኤን ኤ ፖሊመሬዝን በማገድ ነው። ይህ ኢንዛይም ዲኤንኤን እያነበበ አር ኤን ኤ ይሠራል። መድኃኒቱ የት ገብቶ እንደሚሰካ፣ ባክቴሪያው ሲላመደውም ምን እንደተቀየረ ለማወቅ ቅርጹን ማየት የግድ ነው። ክራዮ ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ይህን የሚያሳየው በፍጥነት የቀዘቀዘ ናሙናን በኤሌክትሮን ጨረር አንስቶ ነው፤ ከብዙ ምስሎች የኢንዛይሙ ባለ ሦስት አውታር ካርታ ይሰላል። ለመማር የኢ. ኮላይ ባክቴሪያ ኢንዛይም ይመቻል። በቀላሉ ይመረታል፤ 400 ኪሎዳልተን (የሞለኪውል ክብደት መለኪያ) ገደማ ስለሚመዝንም ምስሉ ላይ በደንብ ይለያል።

ኢንዛይሙን አጥሩት። ከዚያ ጠብታ ወስዳችሁ ዩራኒል አሲቴት በተባለ ማቅለሚያ ቀቡና በተራው ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ እዩት። መጠናቸው የሚመሳሰል ነጠላ ነጠላ ቅንጣቶች ከታዩ ቀጥሉ። ከተጓጎሉ ወደ ማጥራቱ ተመለሱ። ይህን ዘሎ ወደ ውዱ ማሽን መሮጥ ገንዘብ መበተን ነው።

አሁን ማቀዝቀዝ። 3 ሚሊሜትር ስፋት ባላት ቀዳዳማ ግሪድ (ናሙና መያዣ ወንፊት) ላይ 3 ማይክሮሊትር ጠብ አድርጉ። ትርፉን በማጣሪያ ወረቀት አስመጥጡና ወዲያው ፈሳሽ ኢቴን ውስጥ ንከሯት። ኢቴኑን የሚያቀዘቅዘው ፈሳሽ ናይትሮጅን ነው። «ታዲያ በቀጥታ ናይትሮጅኑ ውስጥ ብነክራትስ?» የሚል አይጠፋም። አይሆንም። ናይትሮጅኑ ግሪዷ ዙሪያ ይፈላና የጋዝ ሽፋን ይሠራል፤ ቅዝቃዜው ይዘገያል፤ ውሃው ክሪስታል ይሆናል። እኛ የምንፈልገው እንደ መስታወት የጠራ በረዶ ነው። ኢቴን ተቀጣጣይ ነውና እሳት አጠገቡ አይድረስ።

በረዶው አምሮም ሥራው ሊበላሽ ይችላል። ከመቀዝቀዙ በፊት ባለችው ቅጽበት ኢንዛይሙ ውሃና አየር የሚገናኙበት ገጽ ላይ ይለጠፋል። አብዛኛው በአንድ ጎኑ ይተኛል። ሚሊዮን ቅንጣት ብትሰበስቡም የምታዩት ያንኑ ጎን ነው፤ ካርታውም ወደ አንድ አቅጣጫ ተለጥጦ ይወጣል። ለዚህ ኢንዛይም የተመሰከረለት መፍትሔ ቻፕሶ የተባለ ዲተርጀንት (ሳሙና መሰል ነገር) ነው። ልትነክሩ ስትሉ ክምችቱ 8 ሚሊሞላር እንዲሆን ጨምሩ። ገጹን እሱ ስለሚይዘው ኢንዛይሙ ውሃው ውስጥ በየአቅጣጫው ይገላበጣል። ታዲያ ቀዳዳው ውስጥ የሚገኘው ቅንጣት ስለሚያንስ የኢንዛይሙን መጠን ከፍ አድርጉ። ግሪዷን አዘንብሎ ማንሳትም አለ። የምስሉን ጥራት ስለሚቀንስ እኔ የመጨረሻ አማራጭ አደርገዋለሁ።

ምስል ማንሳቱን ማሽኑ ራሱ ይወጣዋል። ከምስሎቹ ካርታውን የሚያወጣውን ስሌት ሪላየን ወይም ክራዮስፓርክ በተባለ ሶፍትዌር ሥሩ። ከምስሎቹ ውስጥ ቅንጣት ስትለቅሙ ግን የታወቀ ቅርጽ ለኮምፒውተሩ ናሙና ሰጥታችሁ አትጀምሩ። ምንም ከሌለበት ብዥታ ውስጥ እንኳ ያንኑ ቅርጽ አውጥቶ ይሰጣችኋል።

ኢንዛይሙ ከተሠራባቸው ፕሮቲኖች መካከል የሁለቱ አልፋ ክፍሎች ጫፍ ካርታው ላይ ቢጠፋ አትደንግጡ። በልል ማያያዣ ስለተንጠለጠለ ይወዛወዛል። ዲኤንኤ ወይም ሌላ ፕሮቲን ካልያዘው አብዛኛውን ጊዜ አይታይም።