«ተዘረፍኩ» ብለው ከማመልከትዎ በፊት

ጎረቤታችን ሥራ ውሎ ሲመለስ በሩ ተሰብሯል፤ ቴሌቪዥኑና ላፕቶፑ የሉም። ፖሊስ ጣቢያ ሮጦ «ተዘረፍኩ!» አለ። ተረኛው ፖሊስም «ስንት ናቸው? መሣሪያ ይዘው ነበር?» ብሎ ጠየቀው። ሰውዬው ግራ ገባው። እሱ እኮ ቤት አልነበረም።

በሠፈር ወሬ ዘረፋም ስርቆትም ያው ነው። በሕግ ግን ይለያያሉ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ስርቆትን በአንቀጽ 665፣ ከባድ ስርቆትን በ669፣ ውንብድናን ደግሞ በ670 ለይቶ አስቀምጧል። «ተዘረፍኩ» ሲሉት ፖሊሱ የሚያስበው ውንብድናን ነው፤ ውንብድና የሚባለው ደግሞ ሰው ላይ ጉልበት ወይም ማስፈራሪያ ሲኖር ነው። ባዶ ቤት የገባ ሌባ ማንን አስፈራራ?

«ቤቴ ተሰረቀ» የሚልም አለ። ሲያወሩት ችግር የለውም። ማመልከቻ ላይ ሲሰፍር ግን ካርታው በሌላ ሰው ስም የዞረ ያስመስላል። «ቤቴ ተሰብሮ ንብረት ተሰረቀብኝ» ቢሉ ይሻላል።

«ሰርሳሪ» የምንለው ቃል ደግሞ የራሱ ታሪክ አለው። መሰርሰር መቦርቦር ነው። ነቀዝ እህል ይሰረስራል፤ ብርድም አጥንት ይሰረስራል። ቤት ሰርሳሪም የጭቃውን ግድግዳ በሌሊት ቀስ አድርጎ ቦርቡሮ፣ ሰው የሚያሾልክ ቀዳዳ አበጅቶ የሚገባ ሌባ ነበር። ዛሬ ግድግዳው ብሎኬት ሆነና ሌባው ወደ በሩ ዞረ፤ ስሙ ግን አብሮት ቀረ። ቡና ላይ «ሰርሳሪ ገባብን» ቢሉ ማንም ይረዳዎታል። ማመልከቻ ላይ «ሰርስሮ ገባ» ብለው ከጻፉ ግን ፖሊሱ ቀዳዳውን አሳዩኝ ይላል። የሆነውን ይጻፉ፦ ቁልፍ ሰብሮ፣ በተመሳሳይ ቁልፍ ከፍቶ፣ አጥር ዘሎ፣ ቆርቆሮ ገንጥሎ። በሩ ክፍት ከነበረም ክፍት ነበር ይበሉ፤ ያሳፍራል እንጂ አይደበቅም።

ሌባን ሁሉ ሰርሳሪ ማለትም ልክ አይደለም። ታክሲ ውስጥ ስልክዎን የወሰደው ኪስ አውላቂ ነው። ከእጅዎ መንትፎ የሮጠው ቀማኛ፣ ጨለማ ውስጥ ከኋላ የመታዎት ደግሞ ማጅራት መቺ።

ጎረቤታችን በመጨረሻ «ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ቀኑ 11 ሰዓት ባለው ጊዜ የቤቴ በር ቁልፍ ተሰብሮ» ብሎ እንደገና ጻፈ። ቴሌቪዥኑ እስካሁን አልተገኘም።