ኬሞ ላይ ላለ ሰው አመጋገብና እንቅስቃሴ፦ እንዴት ይደረግ?

እናቴን በኬሞ (በካንሰር መድኃኒት ሕክምና) ወቅት ያስታመምኳት እኔ ነኝ። ጠያቂ ሁሉ «ጥሩ ጥሩ ነገር አብሏት» ይላል። ምግቡ አልወርድ ሲል ምን እንደሚደረግ ግን የሚነግራችሁ የለም።

መጀመሪያ ሐኪሙን ጠይቁ። ካንሰሩ አጥንት ከነካ ወይም ፕሌትሌት (ደም እንዲረጋ የሚያደርገው የደም ክፍል) ካነሰ ከባድ እንቅስቃሴ አይፈቀድም።

ከባዱ ማብላቱ ነው። ቁርስ፣ ምሳ፣ እራት የሚለውን እርሱትና በየሁለት ሰዓቱ ትንሽ ትንሽ ስጡ። ጡንቻ እንዳይሟሽሽ ፕሮቲን ያስፈልጋል፤ የሚመከረው በቀን ለአንድ ኪሎ ክብደት ከ1 ግራም በላይ፣ ቢቻል እስከ 1.5 ግራም ነው። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው እስከ 90 ግራም ማለት ነው። አንድ እንቁላል 6 ግራም ገደማ ብቻ ስላለው ምስር፣ ሽሮ፣ ዓሣና ዶሮም ይግቡ። አጥሚቱን በውሃ ሳይሆን በወተት ሥሩት፣ የተፈጨ ለውዝም ጨምሩበት። ምግቡ ብረት ብረት ካላቸው የእንጨት ወይም የፕላስቲክ ማንኪያ ይሞከር። የቁሌት ሽታ የሚያስጠላቸው ከሆነ ደግሞ ሲቁላላ ከቤት ይውጡ፣ ምግቡም ቀዝቀዝ ብሎ ይቅረብ። አፍ ከቆሰለ በርበሬና ሎሚ ይቅር፤ ለስለስ ያለ አልጫ ይሻላል። ብቻ «ብላ፣ ብላ» እያላችሁ አታስጨንቁ።

ቁርጥ፣ ጥሬ ክትፎና ያልፈላ ወተት ፈጽሞ አይሆንም። በሽታ የሚከላከለው ነጭ የደም ሴል ብዙውን ጊዜ ከኬሞ በኋላ ከ7 እስከ 14 ባሉት ቀናት በጣም ይወርዳል፤ ያኔ ቀላል ኢንፌክሽን እንኳ ያሰጋል። እኔ ብሆን ከውድ የፕሮቲን ዱቄት በፊት ቴርሞሜትር እገዛለሁ። ሙቀቱ 38 ዲግሪ ከደረሰ ሌሊትም ቢሆን ሳይውሉ ሳያድሩ ሆስፒታል ነው።

ጾሙን በተመለከተ የነፍስ አባትን አማክሩ፤ ለታመመ ሰው ፈቃድ አለ። የባህል መድኃኒት ከኬሞ ጋር ሊጋጭ ስለሚችል ለሐኪሙ ሳትነግሩ እንዳትሰጡ።

እንቅስቃሴውን ከግቢ ጀምሩት። አምስት ደቂቃ ወዲያ ወዲህ ማለት ለመጀመሪያው ሳምንት በቂ ነው። ቀኑን ሙሉ መተኛት የኬሞን ድካም ያባብሰዋል እንጂ አያቀለውም። በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣው ዓለም አቀፍ ምክር በሳምንት 3 ጊዜ 30 ደቂቃ፣ ከዚያም 2 ጊዜ ጡንቻ የሚያጠነክር ሥራ ይላል፤ እዚያ ለመድረስ ወራት ቢፈጅ ችግር የለውም። ጂም አያስፈልግም። ከወንበር መነሳትና መቀመጥ፣ ውሃ የሞላ ትንሽ ሃይላንድ በእጅ ማንሳት ይበቃል።

ትኩሳት ባለበት ቀን እረፍት ነው። ማዞር፣ የደረት ሕመም ወይም የትንፋሽ ማጠር ከመጣ ወዲያው አቁሙና ለሐኪም ንገሩ። ክብደትንም በየሳምንቱ በአንድ ሚዛን እየለካችሁ ጻፉ፤ መቀነሱን ካያችሁ ቀጣዩን ቀጠሮ አትጠብቁ።