የወሊድ አገልግሎት ጥራትን መገምገም፦ ሰውም ወረቀትም በሚያጥርበት ሆስፒታል

የማዋለጃ ክፍሉን ሥራ ሁሉ በአንድ ጊዜ ለመገምገም አይነሱ። አንድ ችግር ይምረጡ፤ ከወሊድ በኋላ የሚፈስ ደም ወይም ከባድ ፕሪኤክላምፕሲያ (ከእርግዝና ጋር የሚመጣ የደም ግፊት ሕመም) ሊሆን ይችላል። ከዚያ የእናቲቱን የሕክምና ካርድ አይቶ «አዎ» ወይም «አይ» የሚባልባቸው ከአምስት እስከ ስምንት መስፈርቶች ይጻፉ። «ጥሩ ክትትል ተደርጎላታል» መስፈርት አይሆንም። «ሕፃኑ በተወለደ በአንድ ደቂቃ ውስጥ 10 ዩኒት ኦክሲቶሲን በጡንቻ ተሰጥቷታል» ግን ይሆናል፤ ኦክሲቶሲን ማሕፀንን አኮማትሮ የደም መፍሰስን የሚከላከል መድኃኒት ነው።

ቀጥሎ ካርድ ፍለጋ ነው፤ ብዙ ግምገማ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ካርድ ክፍል ያገኘውን 30 ካርድ ተቀብሎ መቀመጥ ይቀላል። ከመደርደሪያው የሚጠፋው ግን ብዙ ጊዜ የሞተችው ወይም ሪፈር የተባለችው እናት ካርድ ነው፤ ማየት የነበረብን ደግሞ እሱን ነው። ስለዚህ የስም ዝርዝሩን ከወሊድ መዝገብ፣ ከቀዶ ጥገና ክፍል፣ ከደም ባንክና ከአስከሬን ክፍል መዝገቦች አውጥተው በቀንና በካርድ ቁጥር ያመሳክሩ። ያልተገኘው «አልተገኘም» ተብሎ ይቆጠር፤ በሌላ ካርድ አይተካ።

የደም መጠኑንም እንደተጻፈ አይመኑ፤ በዓይን ሲገመት ከእውነተኛው ያንሳል። «400 ሚሊ ሊትር» ተብሎ የልብ ምቷ 120፣ የደም ግፊቷ 80/50 ከሆነ፣ ከ500 በላይ ከፈሰሳቸው ጋር ይመድቧት።

ፓርቶግራፉን (የምጥ መከታተያ ቅጹን) ቀረብ ብለው ይዩ። የፅንሱ የልብ ምት በየ30 ደቂቃው 140፣ 140፣ 140 እያለ፣ ተረኛው በተቀየረበት ሰዓት እንኳ በዚያው እስክሪብቶና በዚያው የእጅ ጽሑፍ ከቀጠለ፣ ከወሊድ በኋላ የተሞላ ሳይሆን አይቀርም። ለብቻው በሌላ ዓምድ ያስፍሩት። ማንንም ከመውቀስ በፊት ግን በዚያ ሌሊት ስንት እናቶች ምጥ ላይ እንደነበሩና ስንት አዋላጅ ተረኛ እንደነበረ ይቁጠሩ። አንዲት አዋላጅ አምስት እናቶችን ብትከታተል፣ ለእያንዳንዷ አምስት ደቂቃ ብቻ ብትሰጥ፣ ከግማሽ ሰዓቱ 25 ደቂቃው አለቀ። አንዷ መውለድ ስትጀምር አራቱን የሚያያቸው የለም። ይህ የስንፍና ሳይሆን የሰው ኃይል ጉዳይ ነው፤ በሪፖርቱም እንዲሁ ይጻፍ።

መድኃኒት ላይ «ማግኒዥየም ተሰጥቷል» የሚል ጽሑፍ አይበቃም፤ ይህ በከባድ ፕሪኤክላምፕሲያ ጊዜ መንቀጥቀጥን የሚከላከለው ማግኒዥየም ሰልፌት ነው። የመጀመሪያው መጠን 14 ግራም ነው፦ 4 ግራም በደም ሥር ቀስ ተብሎ፣ 10 ግራም ደግሞ በሁለቱ መቀመጫዎች ጡንቻ 5፣ 5 ግራም ተከፍሎ። ሰዓቱና መጠኑ ከሌለ «አይ» ይበሉ። በየአራት ሰዓቱ 5 ግራም ከመሰጠቱ በፊት አተነፋፈስ በደቂቃ ቢያንስ 16፣ ሽንት በሰዓት ቢያንስ 30 ሚሊ ሊትር፣ የጉልበት ሪፍሌክስም መኖሩ መመዝገብ አለበት። ተሰጠ የተባለበትን ቀን ከቢን ካርዱ (ከመድኃኒት ክምችት መመዝገቢያው) ጋር ያስተያዩ፤ በዚያ ቀን ክምችቱ ዜሮ ሊሆን ይችላል። ኦክሲቶሲን ወስደው ደማቸው ያልቆመ እናቶች ከበዙ ደግሞ የፍሪጁን የሙቀት መመዝገቢያ ይዩ፤ መድኃኒቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ካልተቀመጠ ኃይሉን ያጣል።

ሁለት ገምጋሚዎች የመጀመሪያዎቹን አምስት ካርዶች ለየብቻ ይሙሉ፤ ከተለያዩ መስፈርቱ ግልጽ አይደለምና ያርሙት። በስብሰባ ላይ ከስም ይልቅ ኮድ ይጠቀሙ፤ ውጤቱ ለቅጣት ከዋለ በሚቀጥለው ጊዜ የሚያገኙት የተስተካከለ ወረቀት ብቻ ነው። ላልተሟላው መስፈርት ሁሉ ኃላፊና ቀን ይመድቡ፤ ከሦስት ወር በኋላም የመስፈርቶቹን ቃል ሳይቀይሩ እንደገና ይቁጠሩ።